ሲጠባ ያልታየ ሕፃን፦ ስለ ትን እና ስለ ሕፃናት ምርመራ ልማድ

ታማሚ ሕፃን ይዛ ወደ ጤና ተቋም የምትመጣ እናት ከምትናገራቸው ቃላት መካከል ካርድ ላይ ሳይሰፍሩ የሚቀሩ አሉ። ከእነዚህ አንዱ «ትን» የሚለው ነው። እናት «ሲጠባ ትን ትን ይለዋል» ትላለች፤ ካርዱ «ሳል» ይላል። ለውጡ በአንድ ቃል ብቻ የተወሰነ ቢመስልም፣ ምርመራው ከሚያስፈልገው መረጃ ብዙው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሳል በቀንም በሌሊትም፣ በጉንፋንም በሳንባ ነቀርሳም ይመጣል። ትን ግን የታወቀ ሰዓትና የታወቀ ቦታ አለው፤ ይኸውም ሕፃኑ በሚመገብበት ሰዓት፣ የአየርና የምግብ መንገዶች በሚተላለፉበት በጉሮሮው ውስጥ፣ ወደ ሆድ ሊወርድ የሚገባው ነገር ወደ አየር ቧንቧ ሲያዘነብል የሚደርስ ነው።

ትን ከሚላቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። ጥቂቶቹ ግን አይደሉም። ጥቂቶቹን ከብዙዎቹ ለመለየት የሚያስችለው የመጀመሪያው መሣሪያ ራጅም የደም ምርመራም ሳይሆን፣ ሕፃኑ ሲጠባ ተቀምጦ መመልከት ነው። ይህ መሣሪያ በእያንዳንዱ ጤና ኬላ ይገኛል፤ መብራት አይፈልግም፤ ዋጋም አይከፈልበትም። ሆኖም በተጣበበ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ውስጥ ቀድሞ የሚዘለለው እርሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሒስ ያተኮረው በዚህ ዝለላ ላይ፣ ዝለላውንም በሚያመቻቹት የሥራ ሰንጠረዦችና ልማዶች ላይ ነው።

አራት ቃላትና አንድ ሳጥን

አማርኛ በሕፃን አፍና ጉሮሮ ዙሪያ ለሚደርሱ ነገሮች የተለያዩ ቃላት አሉት። «ትን አለው» ማለት ፈሳሽ ወደ አየር ቧንቧ አፈትልኮ ሕፃኑ ድንገት ሲያስለውና ሲያፍነው ነው። «አነቀው» የሚባለው በአብዛኛው ጠጣር ነገር ጉሮሮውን ሲዘጋው ነው። «አቀረሸ» ማለት ከጠባ በኋላ ወተቱ ያለ ጭንቅ በአፉ ጥግ ሲወጣ ነው። «አስመለሰው» ደግሞ በኃይል ሲወጣ ነው። እነዚህን አራት ነገሮች እናቶች ያለ ትምህርት ቤት ይለዩዋቸዋል። በሕክምናው ቋንቋም አራቱ የተለያየ መንገድ ያሳያሉ። የመጀመሪያው የአዋዋጥ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የባዕድ ነገር፤ ሦስተኛው በአብዛኛው የጤነኛ ሕፃን ባሕርይ፤ አራተኛው ደግሞ ከኢንፌክሽን እስከ ጨጓራ መውጫ መጥበብ የሚዘልቅ ጉዳይ ነው።

የተመላላሽ ካርዱ ግን በእንግሊዝኛ ይሞላል። የሚሞላው ባለሙያም ለ«ትን» ቅርብ ሆኖ የሚያገኘው ቃል «ሳል» ወይም «ማስታወክ» የሚሉትን የሚተካው ነው። እናቲቱ ለይታ ያመጣችውን፣ ባለሙያው መልሶ ያቀላቅለዋል። ጉዳዩ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በኦሮምኛም ሆነ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የምትናገር እናት የራሷ መለያ ቃላት አሏት። ጥያቄው ባለሙያው ቃሉን ከመተርጎሙ በፊት «ይህ የሚሆነው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል ወይስ አይጠይቅም የሚል ነው።

በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሦስት ሥራ

ትን ለምን በጨቅላ ሕፃናት ላይ እንደሚበዛ ለመረዳት የመጥባትን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ወተት እየፈሰሰለት የሚጠባ ሕፃን በግምት በሰከንድ አንድ ጊዜ ይስባል። በዚያችው ሰከንድ ውስጥ መሳብ፣ መዋጥና መተንፈስ በተራ ይፈጸማሉ። በሚውጥበት ቅጽበት ትንፋሹ ይቋረጣል፤ ማንቁርቱ ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሣል፤ የድምፅ አውታሮቹ ይዘጋሉ፤ ወተቱም በጎን አልፎ ወደ ምግብ ቧንቧ ይወርዳል። ከዚያ መንገዱ ለአየር ይከፈታል። የጨቅላ ሕፃን ማንቁርት ከአዋቂው ይልቅ ከፍ ብሎ መገኘቱ ይህን ሥራ ያግዘዋል፤ ነገር ግን ቅንጅቱ የሚመራው በአንጎል ግንድ በመሆኑ ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል።

ቅንጅቱ መልክ መያዝ የሚጀምረው ከ32 እስከ 34ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ የሚጠናከረው ወደ 37ኛው ሳምንት ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ትን ቢለው፣ ገና የማይችለውን ሥራ ስለ ተጠየቀ ነው። በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእናቱ ወተት ሲበረታ አልፎ አልፎ ትን ቢለው አያስደንቅም።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ልብ ሊባል ይገባዋል። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን አተነፋፈስ አለው ይባላል። በደቂቃ 60 ጊዜ የሚተነፍስ ሕፃን ለአንድ ትንፋሽ ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ሰከንድ ውስጥ መዋጥ ቦታ ማግኘት አለበት። ስለዚህ በማንኛውም ምክንያት፣ በሳንባ ምችም ሆነ በልብ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ትን ለማለት የተጋለጠ ነው። የሳንባ ምች ትንን ያመጣል፤ ትንም በተራው የሳንባ ምችን ያመጣል። ቀድሞ የመጣው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሚቻለው በመጠየቅና በማየት ብቻ ነው።

ሌላም አሳሳቢ ነገር አለ። ሳል የጤና ዘብ ነው፤ ዘቡ ግን ሁልጊዜ አይነቃም። በጣም ለጋ የሆነ ሕፃን ፈሳሽ ማንቁርቱን ሲነካው በማሳል ፋንታ ትንፋሹን ሊያቋርጥና የልብ ምቱ ሊዘገይ ይችላል። የአንጎል ጉዳት ያለበት ሕፃን ደግሞ ወተቱ ወደ ሳንባው ሲገባ ምንም ድምፅ ላያሰማ ይችላል። «ትን ብሎት አያውቅም» የሚለው መልስ ብቻውን የማያስተማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰንጠረዡ የሚያየውና የማያየው

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያዘጋጁት፣ ኢትዮጵያም ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተቀበለችው የተቀናጀ የአራስ ሕፃናትና የልጅነት ሕመሞች ሕክምና ሰንጠረዥ ለሕፃናት ሕይወት ያበረከተው አስተዋጽኦ ከፍ ያለ ነው። ሰዓትና ዓይን ብቻ ለያዘ ባለሙያ ሥርዓት ሰጥቶታል። ትንፋሽ መቁጠርን፣ የደረትን ወደ ውስጥ መሰርጎድ ማየትን፣ የአደጋ ምልክቶችን መለየትን አስተምሯል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በጤና ኬላ እንዲያክሙ የተፈቀደውም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡን መተቸት ማለት መናቅ ማለት አይደለም፤ በየቀኑ የሚሠራበት መሣሪያ የት ላይ እንደማያይ ማወቅ ማለት ነው።

ሰንጠረዡ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ጡት ሲጠባ እንዲታይ ያዝዛል፤ ጊዜውንም አራት ደቂቃ ብሎ ወስኗል። ባለሙያው አገጩ ጡቱን መንካቱን፣ አፉ በሰፊው መከፈቱን፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ መገልበጡን፣ ከጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል በላይ በኩል የበለጠ መታየቱን ይመለከታል። ዝግ ብሎና በጥልቀት፣ አልፎ አልፎም እያረፈ መሳቡን ያያል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ዓላማው ሕፃኑ በቂ ወተት ማግኘቱን ማረጋገጥ ነው። ወተቱ የገባው ወደ ትክክለኛው መንገድ ስለ መሆኑ የሚጠይቅ ሐረግ የለበትም። በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ሕፃኑ ሁለት ጊዜ ትን ብሎት ከንፈሩ ቢጠቁር፣ አጎራረሱ እስካማረ ድረስ ሰንጠረዡ የሚጽፍበት ቦታ አላዘጋጀም።

ሁለተኛው ክፍተት ከዚህ ይከፋል። የአራቱ ደቂቃ ምርመራ የሚደረገው በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ ለማያስፈልገው ሕፃን ነው። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ በጠና የታመመ ሕፃን ጡት ሲጠባ እየታየ መዘግየት የለበትም። ውጤቱ ግን በጠና የታመሙት፣ ማለትም በአዋዋጥ ችግር ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ሕፃናት፣ ሳይታዩ ማለፋቸው ነው። ሆስፒታል ሲደርሱ ኦክስጅንና አንቲባዮቲክ ይጀመርላቸዋል፤ ምግብ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይሰጣቸዋል። ሲሻላቸው ቱቦው ይወጣና ወደ ቤት ይሸኛሉ። ጤና ጣቢያው ሆስፒታሉ ያየዋል ብሎ ትቶታል፤ ሆስፒታሉም ጤና ጣቢያው እንዳየው ይገምታል።

ሁለት ወር ለሞላው ሕፃን ደግሞ የአመጋገብ ጥያቄዎች አሉ። ጡት ይጠባል ወይ፣ በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ፣ ሌላ ምን ይወስዳል፣ በምን ዕቃ ይመገባል ተብሎ ይጠየቃል። «ሲመገብ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ግን በመሠረታዊው ቅጂ አይገኝም። ከ14 ቀን ያለፈ ሳል ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ የሲርሲርታ ድምፅ ያለበት ልጅ ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለአስም ምርመራ እንዲላክ ይመከራል። ሦስተኛው አማራጭ፣ ማለትም የሚበላው ነገር ወደ ሳንባው የሚገባ ልጅ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ አልተጠራም። ያልተጠራ ነገር ደግሞ በተጣደፈ ቀን አይታሰብም።

እንዲህ ያለ ጉዞ እንበል። አንድ ሕፃን በሦስት ወሩ የሳንባ ምች ተብሎ በአሞክሲሲሊን ታከመ፤ ተሻለው። በአምስት ወሩ ተመለሰ፤ ሆስፒታል ተኝቶ በመርፌ ታከመ፤ ተሻለው። በስምንት ወሩ ራጁ የቀኝ ሳንባውን የላይኛ ክፍል ነጭ አድርጎ ሲያሳይ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ተጀመረለት። እያንዳንዱ ውሳኔ በተናጠል ሲታይ ከመመሪያ አልወጣም። በሦስቱም ካርዶች ላይ ግን «ሲጠባ ታይቷል» የሚል መስመር የለም። በጀርባው ተንጋሎ የሚመገብ ጨቅላ ወደ ሳንባው የሚገባበት ፈሳሽ በብዛት ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ ያው የቀኝ የላይኛው ክፍል መሆኑን ያስታወሰም አልነበረም።

በቤት ያሉ ማብራሪያዎች

የጤና ተቋሙ ያልጠየቀውን ቤተሰብ በራሱ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው መልስ «ስስታም ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ በፍቅርና በቀልድ የሚነገር ስለሆነ ጉዳት ያለው አይመስልም። ነገር ግን ላብ በላብ ሆኖ እየተጣደፈ የሚስብ፣ ጥቂት ጠብቶ የሚደክመው፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሕፃን ስስታም ሳይሆን የልብ ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። በምግብ ሰዓት ማላብና መድከም ለጨቅላ ሕፃን ልክ ለአዋቂ ዳገት መውጣት እንደማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ «እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚል ሲሆን፣ መዘዙም ከባድ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስን፣ ኢንፌክሽንንና ሞትን ያስከትላል፤ ትንንም አያስቀርም። እንዲያውም ቁስሉ መዋጥን ያባብሰዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ቅጣት የሚከለክለው ድርጊቱን ነው፤ ጥያቄውን አይመልስም። «ልጄ ለምን ትን ይለዋል?» ብላ መጥታ «ጉንፋን ነው» ተብላ የተመለሰች እናት፣ መልስ ያለው ሰው ስትፈልግ ወደ እንጥል ቆራጭ ብትሄድ ተወቃሹ እርሷ ብቻ አይደለችም።

ሦስተኛው ማጋት ነው። ሕፃኑ በጭን ላይ ተንጋሎ አጥሚት፣ የአብሽ ወይም የተልባ ውኃ በመዳፍ ወደ አፉ ይፈስለታል። ሲያለቅስ አፉ ስለሚከፈት ይጨመርለታል። አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የሚያለቅስ ሕፃን በረጅሙ አየር ይስባል፤ አየር ሲስብ የድምፅ አውታሮቹ ክፍት ናቸው፤ በዚያ ቅጽበት የፈሰሰው ነገር አየሩን ተከትሎ ይገባል። ለአራስ የሚዋጠው ቅቤ ደግሞ ከዚህ የተለየ ተንኮል አለው። ቅባት የሳልን ሪፍሌክስ እምብዛም ስለማይቀሰቅስ ሳያስል ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ሳንባውም በቀላሉ አያስወግደውም። በሕክምናው ሊፖይድ ኒሞኒያ የሚባለው፣ ለአንቲባዮቲክ የማይመለስ ሕመም ይህ ነው።

በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተደረገው አነስተኛ ጥናት ያገኘውም 59 በመቶ ነው። ስለዚህ «ጡት ብቻ ነው የምትሰጪው?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» የሚለው መልስ ሲመጣ፣ «በእጅ የሚጋተውስ?» ብሎ በለዘብታ መጨመር ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ የአብሽ ውኃን ወይም ቅቤን እንደ መድኃኒት እንጂ እንደ ምግብ አይቆጥረውም።

ማጋትን መንቀፍ ብቻውን በቂ አይደለም። ጡት መጥባት የማይችል ሕፃን ያላት እናት ምትክ ትፈልጋለችና። ምትኩ በኩባያ መመገብ ነው። ሕፃኑ ቀና ብሎ ይያዛል፤ የኩባያው ከንፈር በታችኛው ከንፈሩ ላይ ያርፋል፤ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ይዘነበላል፤ ሕፃኑ በምላሱ እየላሰ ይወስዳል። ሲያርፍ ኩባያውም ያርፋል። በማጋትና በኩባያ መካከል ያለው ልዩነት የዕቃ ልዩነት ብቻ አይደለም። በኩባያ ጊዜውን የሚወስነው ሕፃኑ ነው፤ በማጋት ግን የአጋቹ እጅ ነው። ቀዳዳው የሰፋ ጡጦም በዚህ ረገድ ከመዳፍ እምብዛም አይሻልም።

ትን የሚለው መቼ ነው?

ለባለሙያው የሚጠቅመው ቁልፍ ጥያቄ ጊዜን የሚመለከተው ነው። ወተቱ መፍሰስ በጀመረበት ቅጽበት ብቻ ትን የሚለው፣ ጡቱን ለቅቆ አስሎ መልሶ በደስታ የሚጠባ፣ ክብደቱም የሚጨምር ሕፃን በአብዛኛው የወተት ብርታት ያጋጠመው ጤነኛ ሕፃን ነው። እናቲቱ ወደ ኋላ ጋደም ብላ ሕፃኑ ከላይ ሆኖ እንዲጠባ፣ ወይም የመጀመሪያውን ፍሰት አስቀድማ በእጇ እንድታልብ ቢነገራት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከመጀመሪያው ጥባት ጀምሮ ትን የሚለውና አረፋማ ምራቅ የሚያዝረበርብ አራስ ግን ሌላ ነው። የምግብ ቧንቧው ሳይከፈት ተወልዶ ሊሆን ይችላልና ምግብ ማቆም፣ በአፉ ቱቦ ወደ ጨጓራው ማለፉን መሞከር፣ ካላለፈም ምራቁን እየሳቡ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት መላክ ይገባል። ወተት በአፍንጫው የሚመለስበት ሕፃን ላንቃው መታየት አለበት። የላንቃ መሰንጠቅ ከንፈር ሳይሰነጠቅም ሊኖር ስለሚችል፣ ምላሱን ተጭኖ በመብራት እስከ እንጥሉ ማየት ያስፈልጋል፤ በጣት መዳሰስ ብቻውን የኋላውን ክፍል ሊያመልጥ ይችላል።

ጥቂት ጠብቶ እየደከመ ሲሄድ ትን የሚለው፣ የሚያልበውና ክብደት የማይጨምረው ሕፃን ልቡና ሳንባው ይመርመር። አየር ሲያስገባ የሚጮህ ድምፅ ያለው፣ በተለይም ሲንጋለልና ሲያለቅስ የሚብስበት ከሆነ የማንቁርት መልፈስፈስ ይጠርጠር። በወሊድ ጊዜ ታፍኖ የነበረ፣ መንቀጥቀጥ የደረሰበት፣ ሰውነቱ የተዝለፈለፈ ወይም የገተረ፣ ወይም ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃን ትን ባይለውም እንኳ ሲመገብ መታየት አለበት። ከተወለደ ጀምሮ በየጥባቱ ትን የሚለው፣ ሆዱ በአየር የሚነፋና የሳንባ ምች የሚመላለስበት ሕፃን በአየርና በምግብ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ እንዳለበት ሊጠረጠር ይገባዋል። ከጠባ በኋላ ብቻ የሚያቀረሽ፣ ፊቱ የሚፈካና የሚያድግ ሕፃን ግን ከልብስ ማጠብ በቀር የሚያስጨንቅ ነገር የለበትም።

ከስድስት ወር በኋላ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ገንፎና ፍትፍት መለማመድ የጀመረ ሕፃን መጀመሪያ ላይ ምግቡን በምላሱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጉሮሮው ይገፈትረዋል፤ ድምፅም ያሰማል። ይህ ልምምድ ነው። የሚያስፈራው ዝምታ ነው። ለውዝ፣ ቆሎና የመሳሰሉት ጠጣሮች ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሊሰጡ አይገባም። ታንቆ ድምፁ የጠፋ፣ ነገር ግን ያልሳተ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ በክንድ ላይ ተደፍቶ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል አምስት ጊዜ ይመታል፤ ካልወጣለት ተገልብጦ ደረቱ አምስት ጊዜ ይጫናል፤ ይህም ይደጋገማል። ሆዱ አይጫንም። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት ወደ ጉሮሮው አይሰደድም።

ሌላኛው ስሕተት

ትንን ችላ ማለት ስሕተት የመሆኑን ያህል፣ ትን ያለውን ሁሉ በሽተኛ ማድረግም ስሕተት ነው። ይህ ስሕተት በተለይ በከተማ ይታያል። ጤነኛ ሆኖ የሚያቀረሽ ሕፃን የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ይታዘዝለታል። እነዚህ መድኃኒቶች ማቅረሸትን አያቆሙም፤ በሕፃናት ላይ ከሳንባ ምችና ከአንጀት ኢንፌክሽን መጨመር ጋር በጥናት ተያይዘዋል። አንዳንዷ እናት ደግሞ «ወተትሽ በዝቶበት ነው» ተብላ ጡጦ እንድትጀምር ትመከራለች። ሕፃኑ ከሚቆጣጠረው ፍሰት ወደማይቆጣጠረው ፍሰት ተዛወረ ማለት ነው። የጡት ወተት ጥበቃም አብሮ ይቀርበታል።

ሁለቱ ስሕተቶች ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። ችላ ያለውም መድኃኒት ያዘዘውም ሕፃኑ ሲጠባ አላየም። ያየ ሰው ጤነኛውን በምክር ይሸኛል፤ የታመመውን ይይዛል።

«ጊዜ የለም» የሚለው መከራከሪያ ሊናቅ አይገባም። ደጃፉ ላይ ረጅም ሰልፍ ያለበት ባለሙያ አራት ደቂቃን ማግኘት ይከብደዋል። ነገር ግን ሕፃናት በመጠበቂያው ወንበር ላይ ሆነው ይጠባሉ፤ በክትባት ሰዓት እናቶች ለማባበል ያጠባሉ፤ በመኝታ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ይጠባሉ። ነርሷ ሙቀት ስትለካ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር የምታየው ነገር ነው። የጎደለው ያዩትን የሚጽፉበት ቦታ ነው። አንድ የሳንባ ምች ሕሙም የሚተኛባቸው ቀናትም ከአራት ደቂቃ ጋር ሲነጻጸሩ ሒሳቡ ግልጽ ነው።

ሊጨመር የሚገባው

የሚያስፈልገው አዲስ ፕሮግራም አይደለም። በሕፃናት ካርድ ላይ ከሳልና ከአተነፋፈስ ጥያቄዎች ቀጥሎ ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ቢጨመሩ ይበቃል፤ ሲመገብ ትን ይለዋል ወይ፣ መቼ፣ በምን ሲመገብ። በመኝታ ክፍልም ቱቦው ከወጣ በኋላ፣ ሕፃኑ ወደ ቤት ከመሸኘቱ በፊት፣ አንድ ጊዜ ሲጠባ ታይቶ ውጤቱ ይመዝገብ። አስቸኳይ ሆኖ ሳይታይ የተላከውን ሕፃን የሚቀበለው ሆስፒታል ያንን ዕዳ የሚከፍለው በዚህ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ በሳንባ ምች የተኛ ጨቅላ ደግሞ የአዋዋጥ ችግር ሳይጠረጠር ሦስተኛ አንቲባዮቲክ አይታዘዝለት።

የአዋዋጥን ሂደት በራጅ በቀጥታ የሚያሳይ ምርመራ በጤና ጣቢያም በአብዛኛው ሆስፒታልም አይገኝም። ይህ እጦት ግን ማየትን ለመተው ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ባለሙያው ዓይኑን፣ ጆሮውንና የእናቲቱን ቃል ይበልጥ እንዲጠቀምበት የሚያስገድድ ነው። ሰንጠረዡ ከብዙ ዓመታት በፊት አራት ደቂቃ መድቧል። እናቲቱም «ትን» የሚለውን ቃል ይዛ መጥታለች። ካርዱ ላይ ከመተርጎሙ በፊት ቃሉ እንዳለ ይጻፍ፤ ሕፃኑም ጡት ይያዝና ይታይ።